ገና ያልተነሣ ፎቶግራፍ

እኔ ወዳጄ፣ መንፈስ ታየኝ፣ ጥላ ወጋኝ የሚል ሰው ሲያወራ እየሰማሁ ሻዬን ፉት የምል ሰው ነኝ፣ ሥራዬም ቢሆን ለእንዲህ ያለ ወሬ አይመችም፣ በደርግ ጊዜ ሰፈር እየለካሁ ካርታ የምስል የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ፣ አንድ ነገር አለ የምለው በሜትር ለክቼ ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን የምነግርህን ባታምነኝ አልቀየምህም፣ በአንተ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር። ብቻ አስጨርሰኝ።

የምኖረው የካ ሚካኤል አካባቢ፣ ከእንጦጦ ተረተር ሥር ነበር፣ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ቁልቁል ባለው የክር ፋብሪካ ሲሠሩ ያረጁ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸውን መስፍንን በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወሰዱባቸው፣ ስንቅ ሲያመላልሱ ሰነበቱና አንድ ቀን እስር ቤቱ በር ላይ “ከእንግዲህ አታምጪ” ተባሉ። የዚያ ዘመን ሰው የዚህን ቃል ትርጉም ያውቀዋል፣ ግን ሬሳ የለ፣ መርዶ የሚነግር የለ፣ ማልቀስም ክልክል ነው፣ እሳቸውም ሳያለቅሱ ቀሩ። ዓመታት አልፈው ነገሩ ረገብ ሲል የነፍስ አባታቸውም የዕድሩ ሰዎችም የልጁን ተዝካር ያውጡለት፣ ነፍሱ ትረፍ እያሉ ይወተውቷቸው ጀመር፣ እሳቸው ደግሞ በሕይወት ላለ ልጅ ተዝካር ማውጣት በገዛ እጅ መግደል ነው እያሉ አሻፈረኝ አሉ።

እንዲህ እያሉ ሳለ ነው አንድ ጠዋት በጋዜጣ የተጠቀለለ ፎቶ በበራቸው ሥር ገብቶ ያገኙት፣ ማን እንዳስገባው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ይዘውት ወደ እኔ መጡ። ከዳገቱ ላይ ሆኖ ቁልቁል የተነሣ ነው፣ የፋብሪካው ጣሪያና የጭስ ማውጫው፣ የሠራተኞቹ የቆርቆሮ ቤቶች ይታያሉ፣ ከፊት ለፊት ጀርባውን የሰጠ ወጣት ቆሟል፣ የለበሰው ሹራብ የእጅጌው ጫፍ ከሌላው ይጠቁራል። እትዬ አስካለ ክር አልቆባቸው ጫፉን በሌላ ቀለም የጨረሱት ሹራብ ነው፣ መስፍን የተወሰደ ዕለት ለብሶት ነበር፣ እሱን እኔም አስታውሳለሁ።

“ይኼ ልጄ ነው፣ ታደሰ” አሉኝ። “ሰፈሩን ለክተህ የሳልከው አንተ ነህ፣ መቼ እንደተነሣ ንገረኝ። ሳይወስዱት በፊት ከሆነ ተዝካሩን አወጣለሁ፣ ከወሰዱት በኋላ ከሆነ ግን እጠብቀዋለሁ።”

ደግሞም እጅጌው አጥሮታል አሉ፣ እሳቸው ሲሠሩለት አስረዝመው ነበር፣ ስለዚህ ልጁ አድጓል ማለት ነው። ሱፍ ሲታጠብ እንደሚኮማተር አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ አላዘንኩም። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ መንገድ ዳር ብዙ ነገር ያየሁበት ዘመን ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ውስጤ ደንዝዟል፣ የሰው ልቅሶም ሳቅም ከሩቅ ነው የሚሰማኝ። እሺ ብዬ ፎቶውን እንደ ማንኛውም የቢሮ ሥራ ተቀበልኳቸው።

በማጉያ መነጽር መጀመሪያ ያየሁት ጥላውን ነው። የከተማችን ጥላ በበጋ ወደ እንጦጦ ያዘነብላል፣ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ግን ጀርባውን ለእንጦጦ ሰጥቶ ቁልቁል ይወርዳል፣ ፎቶው ላይ ጥላው ሁሉ ወደ ፋብሪካው ነው፣ ረጅምም ነው፣ ስለዚህ የክረምት መግቢያ ነው፣ ፀሐይዋም አዘቅዝቃለች አልኩ። ከታች ጠርዝ ላይ ደግሞ ባለቤቶቻቸው የማይታዩ ሁለት ጥላዎች ገብተዋል፣ አንዱ ጃንጥላ ይዟል፣ ሌላው ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ሰብስቧል፣ ይኼኛው ፎቶ አንሺው ነው፣ የያዘውም ካሜራ ነው ብዬ አለፍኩት። ያስቸገረኝ ከጭስ ማውጫው ጀርባ በብረት እግር ላይ የቆመ የውኃ ታንከር ነው፣ እትዬ አስካለ ከልጃቸው ሌላ ምንም አላዩበትም። ካርታውን የለካሁት መስፍን በተወሰደ ሰሞን ነው፣ ካርታዬ ላይ ደግሞ ታንከር የለም፣ ከዚያ ወዲህም ሲቆም አላየሁም። እንግዲያው ከዚያ በፊት የነበረና የፈረሰ ነው፣ ፎቶው አሮጌ ነው፣ ተዝካሩ ይውጣ ብዬ ደመደምኩ።

ለእሳቸው ከመናገሬ በፊት ግን የታንከሩን መሠረት በዓይኔ ልየው ብዬ ወደ ፋብሪካው ወረድኩ። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ጥያቄዬን ሰምተው ሳቁብኝ፣ እዚህ ግቢ ታንከር ቆሞም ፈርሶም አያውቅም አሉኝና ሣር ላይ የተጋደመ የብረት ክምርና አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ አሳዩኝ።

“የሚሠራው ገና ነው” አሉ። “ክረምቱ ሳይጠና እናቆመዋለን ብለዋል።”

ፎቶውን አውጥቼ አስተያየሁት፣ ጉድጓዱ ልክ ከጭስ ማውጫው ጀርባ ነው። ደነገጥኩ ብልህ ውሸት ነው፣ ጆሮዬ ውስጥ ብቻ አንድ ቀጭን ድምፅ ጀመረኝ፣ የፋብሪካው ጩኸት ደግሞ ከሌላ ሰፈር የሚመጣ መሰለኝ። ቤት ስመለስ እትዬ አስካለ ደጄ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

“እትዬ” አልኳቸው፣ “ገና አልተነሣም።”

እኔ ያልኩት ስለ ፎቶው ነው፣ እመነኝ፣ ይህን ፎቶ ያነሣ ካሜራ ገና የለም ማለቴ ነው። እሳቸው ግን ቃሉን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሰሙት፣ ቀስ ብለው አማተቡና “እንግዲያው ይነሣል” አሉ። ላርማቸው ፈለግሁ፣ ግን ልጁ ይነሣል ከማለትና ፎቶው ገና ይነሣል ከማለት የቱ የበለጠ እንደሚያሳብድ አላወቅሁም፣ ስለሚቆመው ታንከር ብቻ ነግሬያቸው ተውኩት።

ታንከሩ ሰኔ ላይ ቆመ። እትዬ አስካለ ከሥራ መልስ አየሁት ብለው መጡና ወደ ዳገቱ ውሰደኝ አሉኝ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጣን፣ ጠዋት ሙሉ ሲያወርደው የዋለው ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ከኋላችን ወጥታለች። ፎቶውን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ይዤ ጭስ ማውጫውን ከታንከሩ ጋር እያስተያየሁ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አልኩ፣ ቦታውን ሳገኘው ቆምኩ። ከኋላችን የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፣ ቅጠሉ ውኃ የጠጣ ነው፣ እርጥብ ቅጠል ደግሞ አይንኮሻኮሽም። ከታች የፈረቃ መውጫው ፊሽካ ጀመረና እመሐል ላይ ተቋረጠ። ዝቅ ብዬ መሬቱን አየሁ፣ የእትዬ አስካለ ጥላ ጃንጥላ ይዟል፣ የእኔ ጥላ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ሰብስቧል።

ከፊታችን፣ ፎቶው ላይ ወጣቱ በቆመበት ቦታ፣ እርጥቡ ሣር ላይ ሦስተኛ ጥላ ተዘርግቷል። ሥሩ ላይ ሰው የለም።

ከኋላችን ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ የካሜራ ድምፅ፣ ዞር ብዬ አየሁ፣ ከዛፍ በቀር ምንም የለም። ፊቴን ስመልስ እትዬ አስካለ ከፊታቸው ወዳለው ባዶ ቦታ እጃቸውን ዘርግተው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ።

“እጅጌው አጥሮሃል፣ አምጣው ላስረዝምልህ።”

ከዚያ ጥላው አልነበረም፣ መቼ እንደሄደ አላየሁም። ፊሽካው ከተቋረጠበት ቀጠለ።

“ታደሰ፣ አሁን ተነሣ?” ብለው ጠየቁኝ።

“ተነሥቷል” አልኳቸው። ስለ ፎቶው ይሁን ስለ ልጁ የጠየቁኝ አላውቅም፣ ስለ የትኛው እንደመለስኩም አላውቅም።

ተዝካሩ አልወጣም። እትዬ አስካለ እስኪሞቱ ድረስ አላወጡትም፣ የነፍስ አባታቸው ቢቆጡ፣ ዕድሩ ቢያኮርፍ አልሰሙም፣ ሲሞቱ ትራሳቸው ሥር ሁለት የሹራብ እጅጌ ተገኘ፣ ረጃጅም፣ ጫፋቸው ሳይቀር በአንድ ቀለም ያለቀ። ፎቶው እኔ ጋ ነው፣ ታንከሩ ዝጎ ፈርሷል፣ ዛሬ የሚያየው ሰው ሁሉ የድሮ ፎቶ ነው ይለኛል፣ እኔም አዎ እላለሁ። ብቻ ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ስሄድ ዓይኔ መሬት መሬት ያያል፣ ጥላችንን እቆጥራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው።