ግድግዳው ስንት አመጣ?

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ርዕሰ መምህሩ አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ማይኩን ተቀበሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የካፖርታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፉና እንዲህ ሲሉ አስታወቁ፦

«የትምህርት ቤታችን ግድግዳ ነጭ ነው።»

ነገሩ እንዲሰርጽ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ቃኙ። የደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ስምንት መቶ ተማሪ ባለበት አድርቆ አቁሟል። ከስምንት መቶው መካከል ግድግዳው ሌላ ቀለም ነው ያለ አልነበረም፤ ነጭ ነው ብሎ የተከራከረም አልነበረም።

«ይህም» ሲሉ ቀጠሉ፣ «ሐሙስ በሚመረቀው የንባብ ክፍላችን በኮምፒውተር ይረጋገጣል። መብራት ኖረም አልኖረ ክፍሉ ብሩህ ነው!»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የቆመችው አሲያ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጠበቀች። ግድግዳውን የለካችው እሷ ናት። ያመጣው አርባ ስምንት ነው።

አሲያ አሥረኛ ክፍል ናት። ከአልዩ አምባ መጥታ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ይደውሉላታል። «በላሽ?» ይሏታል። «በላሁ።» «ብርዱስ?» «አልሐምዱሊላህ፣ ለመድኩት።» የቆላ ልጅ የደብረ ብርሃንን ብርድ በአንድ ዓመት እንደማትለምደው አባትየው ያውቃሉ፤ ግን ስልክ ላይ ሌላ የሚባል ነገር የለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምታናግራት የክፍል ጓደኛዋ ቅድስት ብቻ ናት። ቅድስት ብዙ ስለምታወራ አሲያ እንደ ሦስት ጓደኛ ትቆጥራታለች።

ወደ ሳይንስ ክበብ ያስገባቻትም ቅድስት ናት። የፊዚክስ መምህሩ ተሾመ ብርሃን የሚያሰላ ሶፍትዌር በፍላሽ አምጥተው ነበር። የክፍሉን ስፋትና የመስኮቶቹን ቦታ ሲነግሩት፣ ፀሐይ በየት ገብታ፣ የት ነጥራ፣ የት እንደምትደርስ ቆጥሮ ልክ እንደ ፎቶ አድርጎ ያወጣዋል። ግን እያንዳንዱ ነገር ከምን እንደተሠራ ካልነገሩት አይገባውም፤ ከመቶ ስንት እጅ ብርሃን ይመልሳል? ያብለጨልጫል ወይስ ፈዛዛ ነው? ልስልስ ነው ወይስ ሻካራ? ከሁሉ በፊት ደግሞ ምድቡ መታወቅ አለበት። ሶፍትዌሩ ዓለምን በሦስት ይከፍላል፦ መስታወት፣ ብረት፣ ፕላስቲክ።

«ቲቸር፣ ግድግዳው ምኑ ላይ ነው ፕላስቲክ የሆነው?» አለ የክበቡ ሊቀመንበር ኤርሚያስ።

«መስታወት ነው?» አሉት መምህር ተሾመ።

«አይ።»

«ብረት ነው?»

«አይ።»

«እንግዲያው ፕላስቲክ ነው። ቀጥል።»

ልኬቱ ለአሲያና ለቅድስት ተሰጠ። በመጀመሪያው ቀን ቅድስትን ራሷን አመማት። በሁለተኛው ቀን ከደነባ ዘመድ መጣባት። በሦስተኛው ቀን ምክንያት ማቅረቡን ተወችው።

አሲያ ብቻዋን ለካች። የስልኳን ጀርባ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ከስልኩ ፊት ባለው መለኪያ ወደ ግድግዳው የሚመጣውን ብርሃን ታነባለች። ከዚያ ስልኩን ገልብጣ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋ፣ የሚመለሰውን ታነባለች። የተመለሰውን ለመጣው ማካፈል ነው። በየግድግዳው ላይ አሥር አሥር ቦታ ለካች። የሚያስቸኩላት አልነበረም። በዚያ ሳምንት ካጋጠሟት ሁሉ ግድግዳው ይሻል ነበር፤ ሁሉንም ባይሆን እንኳ ከተሰጠው ግማሽ ያህሉን ይመልሳል።

ያለፈው ዓርብ ዕለት አቶ ገብረመንፈስቅዱስ የልኬቱን ወረቀት አንስተው አዩ። ኮርኒስ ሰባ ሁለት፣ ግድግዳ አርባ ስምንት፣ ወለል አሥራ ስምንት፣ ሰሌዳ ስድስት።

«ሰሌዳው ስድስት? ከስንት?»

«ከመቶ» አለ ኤርሚያስ።

«ግድግዳውም ወድቋል ማለት ነው?»

መምህር ተሾመ የፈተና ውጤት አለመሆኑን ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ።

«እንግዳ ይመጣል» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «በዚህ ትምህርት ቤት ከሃምሳ በታች ያመጣ ግድግዳ የለም።» ወረቀቱን አስቀምጠው ወጡ።

መምህር ተሾመ አፋቸውን ዘጉና ቀና ብለው ኮርኒሱን ተመለከቱ። ያለፈው እሱ ብቻ ነበር።

ቅድስት ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። ለግድግዳው ዘጠና አምስት ሰጠችው። ለወለሉ ስልሳ። ለሰሌዳው አዘነችለትና ሃምሳ ላይ አሳለፈችው። ከሥር «የለኩት፦ ቅድስትና አሲያ» ብላ ጻፈች። ሥዕሉ ሲወጣ ፀሐይ ራሷ ክፍሉ ውስጥ የታሰረች ትመስል ነበር።

«ስሜን አጥፊልኝ» አለቻት አሲያ በር ላይ።

«ኧረ ባክሽ! ግድግዳ እኮ አይከስሽም።»

«አርባ ስምንት ነው።»

«አውቃለሁ። አታካብጂዋ! እንግዳው ከወደዱት ለሳይንስ ኤግዚቢሽኑ አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ አንቺም ጭምር። ስምሽ ከጠፋ ግን ለምን ይባላል፤ እኔ ውሸታም ልባል ነው?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለእኔ ስትይ። ደግሞ ከእኔ ሌላ ማን አለሽ?»

ቅድስት ይህን በክፋት አላለችውም። እውነት ስለሆነ ነው ያለችው። አሲያን ያመማትም እሱ ነበር። ስሟ እንደተጻፈ ቀረ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የንባብ ክፍሉ በመምህራንና በተማሪዎች ሞላ። አምፖሎቹ በርዕሰ መምህሩ ትእዛዝ ጠፍተዋል። የክብር እንግዳው አቶ ፍቅረ ማርያም ድሮ እዚሁ የተማሩ ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው። ላፕቶፑ ላይ አጎንብሰው ሥዕሉን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«ያምራል። ማን ለካው?»

«ቅድስትና አሲያ!» አለ ኤርሚያስ።

«እንዴት ነው የሚለካው፣ ልጄ?» አሉ አሲያን።

አሲያ ስልኳን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ገልብጣ፣ ስንዝሩን በእጇ እየለካች አሳየቻቸው።

«ጎበዝ! እና ዘጠና አምስት መጣ?»

ቅድስት ክንዷን ያዝ አደረገቻት። እጇ ይሞቅ ነበር። በዚያ ሳምንት ሰው ሲነካት ይህ የመጀመሪያው መሆኑ አሲያን ትዝ አላት።

«አይ» አለች አሲያ። «እኔ ስለካው አርባ ስምንት ነው የመጣው።»

የቅድስት እጅ ከክንዷ ላይ ተነሣ።

«ልጅቷ ከቆላ ነው የመጣችው» አሉ ርዕሰ መምህሩ ፈገግ ብለው። «የእነሱ ፀሐይ ይለያል።»

ሰው ሳቀ። ኤርሚያስ «በቃ፣ ሙዱን ገደለችው» ሲል ተሰማ። ቅድስት ሄዳ ፊት ለፊት ካሉት ልጆች መሀል ተቀመጠች። አሲያ ላፕቶፑ አጠገብ ብቻዋን ቀረች፤ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።

አቶ ፍቅረ ማርያም አልሳቁም። ንግግራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች። ዛሬ… ዛሬ የምን…»

ወረቀቱን አራቁት። አቀረቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። «ዛሬ የም…» ወደ መስኮቱ አንድ እርምጃ ተጠጉ። ሁለት። መስኮቱን የግቢው ባሕር ዛፍ ጋርዶታል። ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ፣ እንደሚያስብ ሰው ቀስ እያሉ ወደ በሩ ሄዱ። ደፉ ላይ ደረሱ። ከዚያ ወጡ።

ውስጥ የተንቀሳቀሰ ሰው አልነበረም። አቶ ፍቅረ ማርያም ሜዳው ላይ ቆመው በትሕትና ይጠብቃሉ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። መምህር ተሾመ ተነሡና ወንበራቸውን አንሥተው ተከተሉ። ከዚያ ሌላ ወንበር ተጎተተ፤ ከዚያ አሥር፤ ከዚያ ሁሉም። ለምን እንደሚወጣ የጠየቀም የተናገረም የለም። አንዲት መምህርት ብቻ «ውጭው ነፋሻ ነው» አሉ። በመጨረሻ የወጡት ርዕሰ መምህሩ ናቸው፤ ወንበራቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

አሲያ ሣሩ ላይ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ቅድስት ወንበሯን እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ቀጥሎ ከአሲያ ብዙም ሳትርቅ፣ ብዙም ሳትቀርብ አስቀመጠችው። አላየቻትም። ደግሞም አላወራችም።

አቶ ፍቅረ ማርያም ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘረጉ፤ «ዛሬ የምንመርቀው ይህ በብርሃን የተሞላ ክፍል» የሚለውን መስመር አንድም ቦታ ሳይደናቀፉ እስከ መጨረሻው አነበቡት።