ትርጉሙ ያልተጠየቀ ቃል

በእኛ የባሕር ዳር ከተማ በሳማና፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ወንበር ወደ ደጅ ይወጣል። ወንበር ከወጣ ደግሞ ልጅ ይጠራል። "ነይ እስቲ፣ እንግሊዝኛሽን አሰሚን!" የጎረቤቴ የኔርሲዳ ልጅ ዳሪያኒ ገና በዘጠኝ ዓመቷ ቃላቱን እንደ ዝናብ ታወርደዋለች፦ "ስፑን፣ ክላውድ፣ ፒናት፣ ኤልቦ..." አነጋገሯ ቁርጥ ፈረንጅ ነው። ምን እንዳለች ግን የሚያውቅ የለም፤ እሷም ጭምር።

"ኔርሲዳ፣ ትርጉሙንስ ማን ያስተምራት?" አልኳት አንድ ቀን።

"አንቺ ደግሞ! መጀመሪያ አፏ ይፈታ፤ ትርጉም ተከትሎ ይመጣል።"

"የእኔም በቀቀን አፏ ከተፈታ ቆየ፤ እስካሁን የተከተላት ነገር የለም።"

"ቅናት ነው የያዘሽ!" አለችና ሳቀች።

ኔርሲዳ ባሕሩ ዳር የተፈጨ ኦቾሎኒ የገባበት የኮኮናት ጣፋጭ ትሸጣለች፤ እኔ ከጎኗ የኮኮናት ውሃ። ቅዳሜ ዕለት አንዲት ፈረንጅ ትንሽ ልጇን ይዛ መጣች። ጣፋጩን አነሳችና ልጇን እያመለከተች፣ ጭንቅ ብሏት፣ "ፒናት?" ስትል ጠየቀች። ደጋግማ ጠየቀች።

"ምን አለች?" አለች ኔርሲዳ፣ አጠገቧ ወደ ቆመችው ወደ ዳሪያኒ ዞራ።

ዳሪያኒ ቃሉን ስንቴ አነብንባዋለች! ትርጉሙን ግን ከየት ታምጣው? ሁላችንም አፍ አፏን እናያለን። አላውቅም ማለት አፈረች።

"ይጣፍጣል ወይ ነው የምትለው" አለች።

"እንዴታ! በያት።"

"ኖ ፕሮብለም!" አለች ዳሪያኒ፣ የባሕር ዳሩ ሻጭ ሁሉ እንደሚለው። አነጋገሯ ስላማረ ሴትዮዋ አመነቻትና ጣፋጩን ለልጇ ገዛችላት።

ሁለት ጉርሻ ሳይሞላ የትንሿ ልጅ ከንፈር አበጠ፤ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። እናትየው እሪ አለች። አንድ ባለሞተር ሁለቱንም ጭኖ ወደ ክሊኒክ በረረ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ የለ፣ መሸጥ የለ። ኔርሲዳ ከመንገዱ ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ወደ መንገዱ። "ምን አበላኋት? ምን ነበር የጠየቀችኝ?" ሞተር በጮኸ ቁጥር ወደ መንገዱ እንሮጣለን።

አመሻሽ ላይ ባለሞተሩ ተመለሰ። "ተርፋለች" አለ። "'ፒናት' ማለት ለካ ኦቾሎኒ ነው፤ ልጅቷን ይገድላታል አሉ። እናትየው 'ጠይቄ ነበር እኮ!' እያለች ታለቅሳለች።"

ኔርሲዳ ወደ ልጇ ዞራ እጇን አነሳች።

"ማሚ፣ ትርጉሙን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አለች ዳሪያኒ እያነባች።

የተነሳው እጅ ቀስ ብሎ ወርዶ የልጅቷ ራስ ላይ አረፈ። "እውነትሽን ነው" አለች እናት። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ከእንግዲህ ያላወቅሽውን አላውቅም በይ። ለመሆኑ 'አላውቅም' በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚባለው?"

ዳሪያኒ አሰበች፣ አሰበች፤ ከዚያ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ያን ሁሉ ቃል ስናሸክማት፣ እሱን ያስተማራት አልነበረም።

እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ አዲስ ቃል ይዞ ሲመጣ "ምን ማለት ነው?" በሉት። ካላወቀ አታሳፍሩት፤ አብራችሁት ፈልጉ።