የሀጂ ዘከርያ በረንዳ

ሒባ ሚክዳድን መጀመሪያ ያየችው ተቆጥታ ነው።

ከሳምሶን ባጃጅ ወንበር ብቅ ያለች ሽቦ አዲሱን ቀሚሷን ቀደደችባት። ሳምሶንም ከጭቅጭቅ ይሻላል ብሎ የሞያሌው መንገድ ዳር ካለው የባጃጅ ወንበርና ሸራ ሰፊዎች ቤት ይዟት ከች አለ። ባለቤቱ ጋሽ መልከጼዴቅ አልነበሩም። የስፌት መኪናው ላይ ያጎነበሰው ተቀጣሪያቸው ሚክዳድ ነበር።

«ይሄን ወንበር የሰፋኸው አንተ ነህ?»

ሚክዳድ ወንበሩን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ እህቴ... ሳላጠብቀው ቀርቼ ይሆናል።»

ሳምሶን ሳቁን ለቀቀው። «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! ይሄ ወንበር ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። እጅህ ነክቶት አያውቅም።»

ሒባ ቁጣዋ ጠፋባት። «ባላጠፋኸው ነው ይቅርታ የምትጠይቀኝ?»

ሚክዳድ መርፌና ክር ሰጣትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አሰፋፉን በቃል መራት። ሒባ እየሳቀች ሰፋች። ስትወጣ ግን ስሙን ጠየቀችው።

ሒባ ሸራ፣ ስፖንጅና ክር የሚሸጡት የሀጂ ዘከርያ ልጅ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ የጋሽ መልከጼዴቅ ቤት ክር ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። ሚክዳድ ሊገዛ ይመጣል፤ ሒባ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ታወራዋለች። የዲላ ዝናብ ቀልድ አያውቅም፤ እሱ በሰፋው ሸራ ግን አንዲት ጠብታ አታልፍም። ይህን ባጃጅ ነጂው ሁሉ ያውቃል። ከሚክዳድ በቀር።

«ለምን የራስህን ሥራ አትከፍትም?» ትለዋለች።

«ቡናው ይግባና...»

ቡናው ገባ።

«አሁንስ?»

«ማን ወደኔ ይመጣል ብለሽ ነው? ሰዉ የሚመጣው ለጋሽ መልኬ ስም ነው።»

«ሳምሶንስ?»

«ሳምሶን ጓደኛዬ ነው፤ አይቆጠርም።»

ሳትሰማው በልቡ የማለው ነገር ነበር። የራሱን ሥራ ሳይከፍት ሽማግሌ ላይልክ! የሰው ተቀጣሪ ሆኖ የሀጂን ልጅ በምን አፉ ይጠይቃል?

አንድ ቀን ሀጂ ራሳቸው ጠሩት። «ሚክዳድ፣ ይሄ በረንዳ ባዶውን ነው የሚውለው። የስፌት መኪናህን አምጣና እዚህ ሥራ።»

«ኪራዩን...»

«ኪራይ ጠየቅኩህ እንዴ ልጄ?»

ሒባ ለምናልኝ ነው፤ አዝነውልኝ ነው አለ ሚክዳድ በልቡ። «ላስብበት አባባ» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ክር የሚገዛ ሌላ ሰው መላክ ጀመረ።

ሲጠፋባት ሒባ ራሷ መጣች።

«ከሐዋሳ ሽማግሌ መጥቷል... ለኔ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ምን ልበላቸው?» አለችው። ዓይኗ ዓይኑን ይለምን ነበር።

እምቢ በያቸው፣ አትሂጂብኝ ሊላት ቃሉ ምላሱ ላይ ደረሰ። ግን ራሱን አየ፤ የሰው ቤት፣ የሰው መኪና፣ የሰው ስም።

«ጥሩ ሰው ከሆነ... እኔ ምን እላለሁ?»

ሒባ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ «እሺ» አለች። በቃ፣ እሺ ብቻ። እሷ እንዳልፈለጋት አመነች። እሱ ወደ ተሻለ ኑሮ የሸኛት መሰለው።

የሒባ ኒካህ ከረመዳን በፊት ታሰረ።

ሳምንት ሳይቆይ ሀጂ ዘከርያ ከዘራቸውን ይዘው ሸራ ሰፊዎቹ ቤት መጡ።

«በረንዳዬን ለምን ናቅከው?»

«አልናቅኩም አባባ። ያዘኑልኝ መስሎኝ ነው።»

«ማዘን?» ሀጂ አጠገቡ ተቀመጡ። «ላዘንክለት ሰው ምጽዋት ትሰጠዋለህ እንጂ ደጅህን አትሰጠውም። ያላገባች ልጅ ባለችበት ቤት ደጃፍ ጎረምሳ የሚያስቀምጥ አባት አይተህ ታውቃለህ? መንገድ መክፈቴ ነበር። ሽማግሌህን ስጠብቅ ከረምኩ... ጠፋህ። ልጄን ብጠይቃት እሷም አልፈለገኝም አለችኝ።»

ሚክዳድ መቀሱን አስቀመጠ።

«እሷስ ሄደች» አሉ ሀጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በረንዳው ግን አሁንም ባዶ ነው። ይሄንንም ልታሳልፈው ነው?»

በማግስቱ ሳምሶን ከሚክዳድ አልጋ ሥር የከረመችውን የራሱን አሮጌ የስፌት መኪና በባጃጁ ጭኖ በረንዳው ላይ አወረዳት። ሚክዳድ የመጀመሪያውን ጠዋት ሥራዬን ይንቁብኛል ብሎ ፈርቶ ሰው እንዳይመጣ ሲጸልይ አረፈደ። ሰው ግን መጣ። ከይርጋጨፌ የመጣ፣ ፈጽሞ የማያውቀው ነጂ ሳይቀር «ያንተን ስፌት በዝናብ አይቼዋለሁ» እያለ ሸራውን ሰጠው።

በዒዱ ሒባ ከባሏ ከኸይረዲን ጋር ቤተሰብ ልትጠይቅ መጣች። ባሏ ሰላምታ ሰጥቶ ቀድሞ ገባ። እሷ በረንዳው ላይ ቀረች።

«ከፈትክ» አለችው።

«ከፈትኩ።»

«አባባ ነገረኝ... ሁሉንም።»

«ሒባ፣ ያን ቀን አትሂጂ ልልሽ ነበር።»

«አንዲት ቃል ነበር የምጠብቀው። የናቅከኝ መስሎኝ ነው እሺ ያልኳቸው።»

«አንቺን? እኔ የናቅኩት ራሴን ነው። ላንቺ ተረፈ እንጂ።»

ከውስጥ ባሏ በለሰለሰ ድምፅ ስሟን ጠራ። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ዘገየሁ» አለ ሚክዳድ።

«ለሥራህ አልዘገየህም» አለችው። የቀረውን አልጨረሰችውም። ገባች።

ባጃጁን ያቆመ አንድ ነጂ ከመንገድ ማዶ ተጣራ። «ባለሱቅ! ሸራዬ ዛሬ ይደርስልኛል?»

ሚክዳድ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«ይደርሳል፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ና» አለውና የስፌት መኪናውን ፔዳል ረገጠ።