የታጠበችው አውሮፕላን

«ስርጉት፣ ኧረ ቶሎ በይ! ሰው ጠበቀ እኮ!» አለ ሙሂዲን ሪሞቱን አቅፎ።

ስርጉት አልተነሳችም። ሞጣ ሜዳው ላይ ተንበርክካ፣ ሁለቱ ከፎም የሠሯትን ትንሽ አውሮፕላን ከአፍንጫዋ ጀምራ በጣቷ እየዳሰሰች ነው። ፕሮፔለሯ ጠብቋል። ክንፎቿም አይነቃነቁም።

«ጠዋት ቢቸና ፈትሸናት የለ እንዴ! አንቺ ደግሞ መነካካት ስትወጂ!»

«መንገዱን አላየኸውም? የኔ ጥርስ ራሱ እስካሁን ይነቃነቃል።»

ሙሂዲን ሳቀ። ቢቸና አጎቱ ቤት ሆኖ ይማራል እንጂ ቤቱ ሞጣ ነው። ዛሬም እናቱ እትዬ ዑሙሰልማ ሁለቱን ከሚኒባስ ሲወርዱ ተቀብለው፣ ምሳ «ብሉ እንጂ!» እያሉ ሊያፈነዷቸው ነበር። አሁን የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሰብስበው ፊት ቆመዋል። «ያቺ የልጄ ናት!» ይላሉ ላገኙት ሁሉ። እግራቸው ሥር ትንንሽ ልጆች መሬት ላይ ተደርድረው ሽቅብ አንጋጠዋል።

ስርጉት የአውሮፕላኗ ጅራት ጋ ደረሰች። አውሮፕላኗን ሽቅብና ቁልቁል የሚመራት ቁራጭ በፕላስተር ነው የተያያዘው። ገፋ ስታደርገው ፕላስተሩ ተላጠ። እርጥብ ነው።

«ሙሂዲን፣ ይሄ ምን ነካው?»

ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «እናቴ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «እኛ ስንበላ በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውላት ነበር። አቧራ ለብሳ ሰው ፊት አትቀርብም ብላ። እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።»

«አየር ላይ ከተላጠ...»

«አውቃለሁ።» ሁለቱም መሬት ላይ ወደተደረደሩት ልጆች አዩ።

«እናንተ! እንግዶቹ ተቀምጠዋል፣ ጀምሩ!» አሉ ትርኢቱን ያዘጋጁት መምህር ሐብታሙ ከእንግዶቹ ድንኳን።

«አንድ ዙር ብቻ፣ በናትሽ» አለ ሙሂዲን። «ካልበረረች ለምን ይሉናል። ይሄ ሁሉ ሰው ባለበት በእናቴ ነው ሲባል ብትሰማ ቅስሟ ይሰበራል።»

ስርጉት ቀና አለች። እትዬ ዑሙሰልማ በሻርፓቸው ጫፍ እያውለበለቡላት ነው፤ ለሷም ጭምር፣ እንደወለዷት።

አውሮፕላኗን ገለበጠች። ባትሪውን ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

«ቲቸር! ጅራቷ ላልቷል፣ ዛሬ አትበርም!»

«አይይይ!» አለ ሜዳው ሙሉ ሰው። አንዱ አፏጨ። ሙሂዲን አንገቱን ደፋ።

እትዬ ዑሙሰልማ ግን ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡ። «ምነው ልጆቼ፣ ምን ሆነችባችሁ? ቆሽሻ ነው? ጨርቄን ላምጣ?»

ስርጉት ሳቋ መጣባት፤ ከንፈሯን ነከሰች። ይሄን ልጃቸው እንጂ እሷ አትናገረውም።

ሙሂዲን ሪሞቱን ሣሩ ላይ አስቀምጦ የእናቱን እጅ ያዘ።

«ነይ እማ፣ ቁጭ በይ። እዚህ ፕላስተሩ ጋ በጣትሽ ንኪያት... ቀስ ብለሽ።»

ስርጉት ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።