ሦስተኛዋ ምስክር

«እስክሪብቶ ታውሺኛለሽ?» አላት ከኋላዋ የተሰለፈው ወጣት።

ናዝራዊት ዞር ብላ ሳታየው ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። «ውሰደው። እንዳትመልሰው።»

ወጣቱ ፎርሙን ሞልቶ ቀና ሲል፣ እሷ መታወቂያዋን አሳድሳ ወጥታለች። ሮጦ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ደረጃ ሥር ደረሰባት።

«እኅቴ፣ ለማኝ መሰልኩሽ እንዴ?» አላት እያለከለከ። «እስክሪብቶ መግዣ አላጣሁም። ደግሞ ሰው ሲያናግር ዞር ብሎ ማየት ምን ያስከፍላል?»

ፊቷ ጋለ። «እንደሱ ለማለት አይደለም» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ልማዷ ሳይወጣ። «የሰው ነገር እኔ ጋ፣ የእኔም ሰው ጋ እንዲያድር ስለማልፈልግ ነው።»

ሊስቅ አለና ዓይኗን ሲያይ ተወው። «እንግዲያው ሳያድር ተረከቢኝ» ብሎ እስክሪብቶውን መዳፏ ላይ አኖረላት። ግሩም ይባላል። ካራ ሠፈር ውስጥ፣ ከቤቷ ብዙም ሳይርቅ፣ በተከራየው የእንጨት ማሽን በርና ቁም ሣጥን ይሠራል።

በዚያ የመስከረም ቀን፣ ናዝራዊት ቦርሳ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስታጣ፣ ከአራት የሠፈር ሴቶች ጋር እርስ በርስ ዋስ ተገባብተው ከብድር ተቋም ተበደሩ። እሷ ልብስ ስፌት ከፈተች፤ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ዕዳዋ በዋሶቿ ላይ ሲወድቅ፣ ጎረቤቷ እትዬ ብዙነሽ የምትታለብ ላማቸውን ሸጡ። ከዚያ በኋላ አበዳሪው የቀረውን ዕዳዋን በጽሑፍ ስምምነት አራዘመላት። በትምህርት ቤት ጸሐፊነት ተቀጥራ፣ ከደሞዟ በየወሩ እየተቆረጠ ሦስት ዓመት ከፈለች። የላሟንም ዋጋ ለእትዬ ብዙነሽ ጥቂት በጥቂት መለሰች። ደብዳቤው «ከፍላ ጨርሳለች» ይላል።

ወረቀቱ ጨርሳለች ይበል እንጂ፣ እሷ አልጨረሰችም። ጨው ቢያልቅባት አልጫውን እንዲሁ ትበላለች። ባለሱቁ «መልስ የለኝም፣ ነገ ትሰጪኛለሽ» ካላት ዳቦውን ትታ ትወጣለች። የሥራ ባልደረቦቿ ዕቁብ ሲሉ፣ ወሬው እስኪያልቅ ድረስ ፋይል ትፈልጋለች።

ግሩም ይህን ሁሉ አወቀ፤ አልሸሸም። እሑድ እሑድ ሁለት ታክሲ ይዘው እንጦጦ ይወጣሉ። የመሄጃውን እሱ፣ የመመለሻውን እሷ ትከፍላለች።

«ዛሬ እኔ ካሳቅኩሽ፣ ነገ አንቺ ልታስቂኝ ነው ማለት ነው?» ይላታል ባሕር ዛፉ ሥር።

«ዛሬውኑ ነው እንጂ። ሳያድር።»

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገራት። እሷም መሬት መሬት እያየች ራሷን ነቀነቀች። በዚያው ሰሞን ግን ባለማሽኑ ማሽኑን ሊሸጥ መሆኑን አስታወቀው። ግሩም ለራሱ ማሽን መግዣ ብድር ጠየቀ።

በሚቀጥለው እሑድ ግሩም ቀልድ አልነበረውም። ከተማዋን ቁልቁል ያያል።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ግሩም።»

«ያገባ ሰው ከሆነ ሚስትም አብራ ትፈርማለች አለኝ የብድር ክፍሉ ሰውዬ። የእሷም የብድር ታሪክ ይታያል አለ።» «ስምሽን ሳልጠራ ጠየቅኩት። ከፍላ ጨርሳለች እኮ አልኩት። ‹ጨርሳ ይሆናል፤ ዕዳዋ አንዴ ዋስ ላይ ከወደቀ ግን ስሟ ገና ከመዝገብ አልጠራም› አለኝ።»



«ካላገባህስ?»

«ከወረዳ የላጤነት ማስረጃ አመጣለሁ፣ በቃ። ሽማግሌውን ትንሽ እናቆየውና መጀመሪያ ብድሩን ልውሰድ። ከዚያ እንጋባለን።»

«ከተጋባን ዕዳህ ዕዳዬ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ወር ቢዛነፍብህ እኔ አልተኛም። በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ። ይህን ዳግመኛ አልችለውም፣ ግሩም።»

«እንግዲያው ብድሩ ይቅር! የሰው ማሽን እየተከራየሁም ቢሆን እኖራለሁ።»

«በእኔ ምክንያት ቀርቶብህ? በየማለዳው ፊትህን ሳይ እሱም ዕዳ ነው። እሱን በየትኛው ደሞዝ እከፍለዋለሁ?»

«ብድሩን ውሰድ፤ ሽማግሌ ግን አትላክ» ብላው ተነሣች። ሲመለሱ የታክሲውን እሷ ከፈለች።

እትዬ ብዙነሽ በለቅሶ ያበጠ የናዝራዊትን ዓይን በአጥሩ በኩል አዩት። ጉዳዩን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፉና፣ «ላሚቱን እኔ ከረሳኋት ቆየሁ» አሏት። «አንቺ ነሽ እስከ ዛሬ የምታልቢያት። ሂጂ አግቢው!»

«እትዬ፣ ላሟ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመው ያለቀሱትን አይቻለሁ።»

እትዬ ብዙነሽ ከአጥሩ ተመልሰው ቤታቸው ገቡ።

ረቡዕ ዕለት ስልኳ ጠራ። የግሩም ድምፅ ደክሟል። «ወረዳ ነኝ። ሦስት ምስክር አምጣ ተብዬ አንዱ ቀረብኝ። ዛሬ ካላስገባሁ የብድሩ ቀን ያልፋል። እንዲያው... ለማን እንደምነግረው ጨንቆኝ ነው።»

«መጣሁ።»

«አንቺን አላልኩም! ናዝራዊት፣ በናትሽ—»

«ያላገባህ መሆኑን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?» አለችና ዘጋችው።

ስትደርስ አጎቱ ጋሽ ሠረቀብርሃንና የሥራ ጓደኛው ኤቢሳ ፈርመው ቆመዋል። ማንነቷን ያውቃሉና ሁለቱም አቀረቀሩ። ግሩም ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ምኑ ነሽ?» አለቻት በመስኮቱ በኩል ያለችው ሠራተኛ።

«ጎረቤቱ።»

«ሚስት የሌለው፣ ያላገባ ለመሆኑ ትመሰክሪያለሽ?»

ናዝራዊት ወደ ግሩም ዞረች። በመጀመሪያው ቀን ዞር ብላ ያላየችውን ፊት አሁን አየችው፤ ቅንድቡ ላይ የቀረውን የእንጨት ብናኝ ሳይቀር።

«እመሰክራለሁ» አለች።

በራሷ እስክሪብቶ ፈረመች። ከዚያ ግሩም የሚፈርምበት ቦታ ስለነበረ እስክሪብቶውን ሰጠችው። እንዳትመልሰው አላለችም። መልሳ ሳትቀበለው ደረጃውን ወርዳ ጥቂት ቆመች፤ የሮጠ ሰው የለም።

ብድሩ ከፋሲካ በፊት ተፈቀደ። ማሽኑ በግንቦት ካራ ገባ። ሽማግሌ አልተላከም።