የስምንት ሰዓቱ መስመር

«ጻፊ እንጂ ጸሐፊዬ! ስምንት ሰዓት፦ ተቀምጬ ስሰፋ ነበር። የተሰማኝ ነገር የለም።»

ማታ ነው፤ ታናሽየዋ ሳታመነታ፣ በዚያ በምትኮራበት የእጅ ጽሑፏ ጻፈች። ልብስ ሰፊዋ እህቷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ልቧ አንዳንዴ መንገዱን እንደሳተ ፈረስ ይዘላል። ጠዋት ክሊኒክ ውስጥ ደረቷ ላይ ሽቦ ለጥፈው፣ የልብ ምት የሚቀዳ ትንሽ መሣሪያ ወገቧ ላይ አንጠልጥለው፣ አንድ ቅጽ አስይዘው ሸኝተዋቸዋል።

«መሣሪያው ልቧን ይቀዳል» ብላ ነበር ነርሷ፤ «ምን ስትሠራ እንደነበረች፣ ምን እንደተሰማት ግን ወረቀቱ ነው የሚነግረን። ያለ እሱ በግምት ነው የምናክማት።»

በማግስቱ መሣሪያውን ሊመልሱ ሲወጡ፣ እህቷ በሩን እስክትቆልፍ መንገድ ላይ ለቆመችው ታናሽየዋ ቀጮ ብቅ አለችባት። የታናሽየዋ የክፍል ጓደኛ ናት፤ የቀጮ እናትም እህቷ በምትሠራበት ስፌት ቤት ትሠራለች።

«እህትሽ ተሻላት?»

«ከምኑ?»

«ኧረ ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ተዘርራ! እማዬ ናት ውሃ የረጨቻት። አልነገረችሽም እንዴ?»

«ነግራኛለች» አለች ታናሽየዋ። ውሸት በዚያ ቤት እንደ ጉንፋን መጋባት ጀመረ ማለት ነው።

አምና እህቷ ሆስፒታል ተኝታ የመጀመሪያ ጽንሷን ስታጣ፣ «ጨጓራዬን ነው» ብላት ነበር። ኋላ ላይ ሁሉ ነገር ሲወጣ፣ አቅፋት አልቅሳ፣ «ከእንግዲህ ካንቺ የምደብቀው የለም» ብላ ማለች።

ታናሽየዋ ነገሩን ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ እስኪቀመጡ ቻለችው።

«ወድቀሽ ነበር።»

«ማን ነገረሽ?»

«አልወደቅኩም» አላለችም። «ማን ነገረሽ» ነው ያለችው።

«በኔ እጅ ነው የዋሸሽው! በኔ ጽሑፍ!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ከነገርኳቸው አልጋ ያስይዙኛል። አምና አልጋ ይዤ ምን አተረፍኩ? ባዶ እጄን ነው የተመለስኩት።» መሣሪያውን በነጠላዋ ሸፈነችው። «ተዪው፣ የኔ እናት።»

«የኔ እናት» የምትላት ስትለማመጣት ብቻ ነው። ትናንት ቢሆን ኖሮ አንጀቷን ይበላው ነበር።

በሩ ተከፈተ። «ተራሽ ነው» አለች ነርሷ፤ «ቅጹስ?»

ታናሽየዋ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። የስምንት ሰዓቱን መስመር በአንድ ጭረት ሰርዛ፣ ከላዩ «ደረጃ ላይ ወደቅኩ» ብላ ጻፈች። ስለቸኮለች ፊደሉ አላማረም። «ምን ተሰማሽ?» የሚለውን ሣጥን ባዶውን ተወችው።

ከዚያ ቅጹንም እስክሪብቶውንም እህቷ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠች።

«ይሄን እኔ አላውቀውም» አለች። «አንቺ ሙዪው።»

ነርሷ በሩን ይዛ ቆማለች። የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ተሰማ። ታናሽየዋ ግን ቦርሳዋን እንዳነገተች፣ እህቷ ምን እንደምትጽፍ ለማየት እዚያው ቆመች።