ድሬዳዋ ያልደረሰ መርዶ

«ወንዴ፣ ከኋላህ! ከኋላህ እኮ ነው አቦ!»

ማራኪ ጆይስቲኩን ወደ ግራ ጠመዘዘችው። የፈረሰው ፎቅ ደረጃ ላይ የቆመው ወታደር ዞሮ ተኮሰ፤ አድብቶ የመጣበት ጠላትም እዚያው ተዘረረ። ከወታደሩ ራስ በላይ «ወንዴ አየር ጤና» የሚል ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል።

«ጀለሴ፣ አንተ እኮ አትሞትም!» አለ አነስ ከድሬዳዋ፣ ከት ብሎ እየሳቀ።

ማራኪ በድምፅ መልሳለት አታውቅም። ታላቅ ወንድሟ ወንድይፍራው አየር ጤና መንገድ ላይ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ገጭቶ ከገደለው ሰባተኛ ወሩን ይዟል።

ፕሌይስቴሽኑ አሮጌ ነው፤ ወንዴ ከሰው እጅ የገዛው። ጨዋታውም ከእሱ አይሻልም። የማራኪ የክፍል ልጆች «ይሄ ገና አለ እንዴ?» ብለው ይስቁበታል። በኢንተርኔት የሚጫወተው ሰው ስላለቀ አንዳንድ ቀን ተጋጣሚ እስኪገኝ ባዶ ከተማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መንከራተት አለ። ወንዴና አነስ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት ቀርተው አያውቁም። በዓይን ሳይተያዩ ወንድማማች ሆነው ነበር።

ማራኪ ጨዋታውን የከፈተችው አርባው ከወጣ በኋላ ነው። ወንዴ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ቁጭ ልበል ብላ እንጂ ማንንም ልታታልል አስባ አልነበረም። ጨዋታው በወንድሟ ስም ተከፈተ። ወዲያው «ወንዴ! የት ጠፍተህ ነው ሁለት ወር? ስልክህም አይሠራ!» የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። ልታጠፋው እጇን ዘረጋች፤ ግን አላጠፋችውም። በመጨረሻ «ማይኬ ተበላሽቷል» ብላ ጻፈችለት። ውሸቷ ይህቺው ነበረች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የማራኪ ነገር ግን እያደር መደፍረስ ጀመረ።

የጆይስቲኩ የግራ ጎማ በወንዴ አውራ ጣት ተበልቶ ጎድጉዷል። የእሷ ጣት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ እጁን የያዘች ይመስላታል። ይሄን ትወደዋለች። የማትወደው ጆይስቲኩን ስታስቀምጠው ነው። ወታደሩ ማንም ሳይነካው ደረቱን ከፍ ዝቅ አድርጎ ይተነፍሳል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰው እንደሚጠብቅ ግራ ቀኝ ያያል። ያኔ ዓይኗን ልትነቅል ትፈልጋለች፤ ነቅላ ግን አታውቅም።

የባሰው ግን የእናቷ ነገር ነው። ወይዘሮ በላይነሽ መጀመሪያ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ብቅ ስትል ማራኪ ቁጣ ጠብቃ ነበር። እናቷ ግን የአነስን ድምፅ ስትሰማ ቆየችና «እስቲ ትንሽ ከፍ አድርጊው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ጥግ ዱካ ላይ ትቀመጣለች። አነስ «ወንዴ!» ብሎ ሲጣራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «አቤት» ትላለች በስሱ፣ በልጇ ፈንታ።

ዛሬም እዚያው ተቀምጣ ቆይታ የተሰጣ ልብስ ልታነሳ ወጣ ስትል አነስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስማኝማ ወንዴ፣ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ደረሰኝ! ማክሰኞ እገባለሁ። አየር ጤና ወርጄ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር፤ እንደዛ አይደል ያልከኝ? ለማዘር ንገራት፤ ያ ስትጎርርበት የኖርከው ምስር ወጥ ይዘጋጅልኝ!»

ማራኪ ክው አለች። ሰማያዊው በር ሲንኳኳ፣ እናቷ በጥቁር ልብሷ ወጥታ ስትከፍት፣ አንድ ልጅ ሻንጣውን እንደያዘ በሙሉ ፈገግታ «ወንዴ አለ?» ሲላት ታያት።

አነስ ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ መልእክት መጻፊያውን ከፈተች። አንድ አንድ ፊደል እየለቀመች «ወንዴ ሞ» ድረስ ጻፈች። ጣቷ ቆመ።

እሷም የወንዴን ሞት ያወቀችው እንዲሁ በጽሑፍ ነበር። ትምህርት ቤት፣ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ የተቀመጠችው የክፍል ጓደኛዋ ሶፊ ስልኳን እያየች ድንገት ዝም አለች። ማራኪ አንገቷን አስግጋ አየችው። የወንዴ ፎቶ፣ ከጎኑ ሻማ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር»። ሽማግሌ ሳይላክ፣ ጎረቤት ሳይሰበሰብ፣ ተቀመጪ የሚላት ሳይኖር፣ ጉርሻው አፏ ውስጥ እንዳለ ተረዳች። ያንን ጉርሻ ዋጠችው ወይስ ተፋችው? ዛሬም አታስታውስም።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። በምትካቸው «ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ጨዋታው ላይ ግባ፣ አደራ» ብላ ላከች።

እናቷ ልብሱን ታቅፋ ስትመለስ ማራኪ ተነሥታ ቆመች።

«እማዬ፣ አነስ ማክሰኞ ይመጣል።»

«የትኛው አነስ?»

«የሚጠራው። ወንዴ አለ ብሎ እየመጣ ነው። አልነገርኩትም። ካወቀ መጥራቱን ይተዋል ብዬ ፈራሁ። አንቺም እየሰማሽው...»

ወይዘሮ በላይነሽ ልብሱን አልጋው ላይ ጣለችው። «እንዳልነገርሽው መች አጣሁት» አለች። «ስሙ ሲጠራ ደስ አለኝና ዝም አልኩ። ሰባት ወር ሙሉ ጓደኛው ሳይረዳ! ያ ልጅ እኮ ሊያለቅስለት ይገባው ነበር። እንባውን ከለከልነው።»

«ነገ ጠዋት ጨዋታው ላይ ይገባል።»

«እንግዲያው እኔ አረዳዋለሁ። መርዶ የልጅ ሥራ አይደለም።»

«የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለች ማራኪ። «እኔ ልንገረው። አንቺ አጠገቤ ሁኚልኝ።»

«እሺ፣ አጠገብሽ ነኝ» አለቻት እናቷ።

እሑድ ጠዋት ወይዘሮ በላይነሽ ቅዳሴ አልሄደችም። ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚደረገው አዘቅዝቃ መጣችና ዱካዋን ከበሩ ጥግ አንሥታ ማራኪ አጠገብ አስቀመጠችው። ማራኪ የወንዴን ማይክ ከመሳቢያ አወጣች። ስፖንጁ ተቀዷል እንጂ ምንም አልሆነም። ሰካችው።

ልክ በአንድ ሰዓት ሁለተኛው ወታደር ባዶው ከተማ ውስጥ ብቅ አለ።

«ወንዴ! ምነው በጠዋት?»

«አቤት» አለች እናቷ። ዓይኗን ጨፍናለች።

ማራኪ ማይኩን አፏ አጠገብ አደረገችው። «አነስ፣ ወንዴ አይደለሁም። እህቱ ነኝ፤ ማራኪ።»

«ማራኪ! በስም በስም አውቅሽ የለ! እንዴት ነሽ አቦ? ወንዴስ?»

«አነስ... ብቻህን ነህ? አጠገብህ ሰው አለ?»

ሳቁ እዚያው ቆመ። ሁለቱ ወታደሮች ፊት ለፊት ቆመው ይተነፍሳሉ። ከድሬዳዋ በኩል የወንበር መንኳኳት ተሰማ፤ ቀጥሎም ወንዴን ከሚጠራበት የተለየ፣ የሕፃን የመሰለ ድምፅ።

«እማ... እስቲ አንዴ ነይልኝ።»

ማራኪ ጆይስቲኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። የእናቷን እጅ ያዘችና የአነስ እናት እስኪመጡ ጠበቀች።